ከሌባ ስጠነቀቅ ሽማግሌ አባረርኩ

ከተመለስኩ ወዲህ ሱቄ የሚመጣው ሰው ሁሉ ስኳር ጠይቆ ኢስታንቡልን ነው የሚሰማው። ሰምቶም ዝም አይል፤ ግማሹን ቆርጦ ለጎረቤቱ ይወስዳል። ወሬው ከሰቆጣ ወጥቶ ጽጽቃ ሲደርስ እኔ እስር ቤት አድሬአለሁ፤ ኒሯቅ ሲደርስ ደግሞ ሰልሜአለሁ። ሁለቱም ውሸት ነው። እውነቱን ከነጓዙ የምጽፈው ለዚህ ነው።

እውነቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ልጄን ትርንጎን ልጠይቅ ባሕር ተሻገርኩ፤ ሌባ እንዳይነካኝ ስጠነቀቅ የገዛ ልጄን ትዳር ላፈርስ አንድ ሐሙስ ቀርቶኝ ነበር።

ሰኞ

ትርንጎ ኢስታንቡል ልብስ ስፌት ቤት ከገባች ቆይታለች። በስልክ፣ "አባዬ፣ ትኬቱን እኔ እችላለሁ፤ እርስዎ ብቻ ይምጡ" አለችኝ።

"ምን ተገኘ?"

"ምንም። ናፍቀውኝ ነው።"

አባቷ የናፈቃት ልጅ ትደውላለች እንጂ ትኬት አትቆርጥም። ነጋዴ ነኝ፤ ገባኝ። የሚፈልጋት ሰው ተገኝቷል። ግን አባት ገባኝ አይልም፣ ልጅም አትናገርም፤ ሽማግሌ በር እስኪያንኳኳ ድረስ ሁላችንም ምንም ሳናውቅ መቆየት ነው ወጉ። ሽማግሌው ደግሞ የሚመጣው ሰቆጣ ቤቴ ነው። እንግዲያ እኔን የምትጠራኝ ልቤን አስቀድማ ልታለሳልስ ነው ብዬ ተነሣሁ።

መንገዱ ክፍት ነው የተባለበት ሳምንት ነበርና ሚኒባሱ እስከ ጣሪያው ሞልቶ ነበር። የፍየል ሸሪኬ ምሬ ሊሸኘኝ መጣ። ምሬ አንድ ጊዜ ዱባይ ደርሶ ተመልሷል፤ ከዚያ ወዲህ ለወረዳችን ዓለምን የሚያስረዳ እሱ ነው። በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ፣

"ስማ፣ ወልዴ፤ ፈገግ ብሎ የሚመጣብህን ፍራ። ስምህን የጠራህን ሽሽ። በአማርኛ 'የአገሬ ሰው' ያለህ እንደሆነ ግን ጩህ!" አለኝ።

"የአገሬን ሰው ለምን እጮህበታለሁ?"

"የባዕድ ሌባ የሚያውቀው ኪስህን ነው። የአገርህ ሌባ አያትህን ያውቃል።"

ሚስቴ ደግሞ የራሷን ጥንቃቄ አድርጋለች። ሱሪዬ ውስጥ ከእምብርቴ በታች ኪስ ሠርታ ገንዘቤን ከተተችና አፉን በጆንያ መስፊያ ወስፌ በሲባጎ ጠቀመችው። በላዩ ላይ መርፌ ቁልፍ ጨመረችበት።

"ገንዘብ ባስፈለገኝ ጊዜ በምን እከፍተዋለሁ?" አልኳት።

"እንዳትከፍተው አይደል የሰፋሁት!"

ማክሰኞና ረቡዕ

ወልድያ ያደርኩበት አልጋ ቁንጫው ከሰቆጣ ቁንጫ ጋር ዘመድ ሳይሆን አይቀርም፤ እንግዳ ሳይለኝ ወዲያው ተላመደኝ። በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ ከጎኔ አንድ ጠና ያሉ ቄስ ተቀመጡ። እንቅልፋቸው ሲመጣ ወደኔ ይዘማሉ፤ እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ ነው፣ አይታይም። ምሬ ትዝ አለኝና እስከ ደሴ እምብርቴን በሁለት እጄ ይዤ ሄድኩ። ከደሴ በኋላ ድካም ጣለኝ። ስነቃ ብርዱ የለም፤ ጋቢያቸውን ለኔ አልብሰው እሳቸው በቀሚሳቸው ኩርምት ብለዋል።

"ሆድዎን ያመዎታል መሰለኝ፤ መንገዱን ሙሉ ይዘውት ነበር" አሉኝ።

አዎ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ጸበል ከኮዳቸው ቀድተው አጠጡኝ።

ሐሙስ

አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የሰው መፈተሻ በር አለ። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ሲያልፍ እኔ ላይ ጮኸ። ቀበቶዬን ፈታሁ፤ ጮኸ። ሰዓቴን አወለቅኩ፤ ጮኸ። አንድ ወጣት ፈታሽ ወደ መጋረጃው ወሰደኝና የሚስቴን ስፌት ጎተት አድርጎ ሞከረው።

"ይሄን ማን ነው የሰፋው?"

"የቤቴ እመቤት።"

"ታዲያ የኛ ማሽን ምን ያደርጋል? ይለፉ፣ አባቴ።"

ኢስታንቡል ስደርስ ትርንጎ ቆማ ትጠብቀኛለች። ወፍራለች፤ ደስ አለኝ። ተቃቀፍን፤ ከዚያ እስከ ከተማው በዋግ ቋንቋችን በኽምጣኛ አወራን። ይህ አንዱ ጥንቃቄዬ ነው፦ አውቶቡሱ ሙሉ ሌባ ቢሆን እንኳ በኽምጣኛ የተናገርነውን ማን ይሰርቀናል?

ከተማውን ልግለጽ ብል አልችልም። ሰቆጣ የገበያ ቀን የሚወጣው ሰው እዚያ አንድ መንገድ ለመሻገር መብራት ይጠብቃል። ዳገቱ ግን የኛን ይመስላል። ያስገረመኝ ዳገቱን ሁሉ ድንጋይ አንጥፈውበት፣ ደረጃ ሠርተውለት፣ በላዩ ላይ ድመት ማስተኛታቸው ነው። ድመቶቹ ከኛ ወይፈን ያላነሰ ኩራት አላቸው፤ ሰው ነው የሚዞራቸው።

ትርንጎ ከሴት ጓደኞቿ ጋር ስለምትኖር ለኔ ትንሽ ሆቴል ይዛልኛለች። ባለቤቱ ኦስማን የሚባል ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ ሰው ነው። ቋንቋ አንግባባም፤ ስልኩ ግን አማርኛ ይችላል። እሱ በቱርክኛ ያጉረመርምበታል፣ ስልኩ በሴት ድምፅ ዜና እንደሚያነብ ሰው ይናገራል፦ "እንኳን ደህና መጡ። ሥጋ ይበሉ።"

ሥጋውን አልበላም፤ የነሱን የሚባርከው ሌላ፣ የኛን የሚባርከው ሌላ ነው። ይህን ለስልክ ማስረዳት ስለከበደኝ "ጾም" አልኩ። ኦስማን የምስር ሾርባ አመጣ። ምሬ ከተከፈተ ዕቃ አትጠጣ ስላለኝ ቅመስልኝ ብዬ በእጄ አሳየሁት። ቀመሰ። ሌላም ጨለፈ። ሲጥመው ጊዜ አጠገቤ ተቀምጦ ግማሹን ጨረሰው፤ ከዚያ አፍሮ ሌላ ሳህን አመጣልኝ።

ዓርብ

ትርንጎ ሥራ ገባች፤ "አባዬ፣ ከሆቴሉ አይራቁ" ብላኝ ነበር። በአውሮፕላኑ እግሬ አብጦ የቆዳ ጫማዬ እምቢ ስላለኝ የላስቲክ ኮንጎዬን አድርጌ ወጣሁ።

ብዙም ሳልርቅ ከፊቴ የሚሄድ ሊስትሮ ብሩሹ ከሳጥኑ ወደቀበት። የወደቀ ዕቃ አይቶ ማለፍ ነውር ነው፤ አንስቼ ሮጬ ሰጠሁት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነኝ፤ ጎተተኝ፤ ውለታዬን ሊመልስ ጫማዬን በነፃ ሊጠርግልኝ ተንበረከከ። ኋላ ትርንጎ እንዳስረዳችኝ ብሩሹ የሚወድቀው ታስቦበት ነው፤ ከጠረገ በኋላ የሚጠይቀው ዋጋ ጫማ ይገዛል። ሰውየው እግሬን ሳጥኑ ላይ ሰቀለና ቀለሙን ሊቀባ ጎንበስ አለ። ላስቲክ ነው። ነካ አደረገው፤ ላስቲክ ነው። ቀና ብሎ አየኝ፣ ጎንበስ ብሎ ኮንጎዬን አየ፤ ከዚያ ሳጥኑን አንስቶ ሄደ። በዕድሜው እንደኔ ያለ ኪሣራ የገጠመው አይመስለኝም።

ወደ ባሕሩ ወርጄ ስመለስ መንገዱ ጠፋኝና የሆቴሉን ካርድ ለባለ ታክሲ አሳየሁ። ቅርብ ነበርኩ፤ ታክሲው ግን አንዱን መስጊድ በፊት ለፊቱ፣ በጎኑ፣ በጀርባው አሳየኝ። መንገድ የሚያስረዝም ደላላ አብርሃጅራ ገበያም አይቻለሁ፤ ዝም አልኩ። ሆቴሉ በር ስንደርስ የሚያስደነግጥ ዋጋ ጠራ። መቼም ለሄድንበት መክፈል አለብኝ። ወረድኩና ገንዘቡ ያለበትን አሳየሁት፤ ሲባጎውን ለመበጠስ ቀበቶዬን ፈታሁ፤ የሱሪዬን አንደኛ ቁልፍ ፈታሁ። ሁለተኛው ላይ ስደርስ አንድ አሮጊት በሰገነት ላይ ጮኹ። ሹፌሩ ዓይኑን ሸፈነና ሳይከፈለው በረረ። ኦስማን ሮጦ ወጥቶ በጠረጴዛ ልብስ ጠቅልሎ አስገባኝ።

ያን ቀን ኮራሁ። ሁለት ሌባ በአንድ ቀን! "ይቺን ነው ከተማ የሚሏት?" አልኩ ለራሴ። ያጠፋኝ ይህ ኩራት ነው።

ቅዳሜ

ከምሳ በኋላ ከእንግዳ መቀበያው ሶፋ ላይ ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ ሦስት ሰዎች ገቡ። አንዱ ኮቱ ጠቦታል፣ ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል። ሁለተኛው ጥቁር መነጽር አድርጓል። ሦስተኛው ጆሮው ላይ ጉትቻ አለ። ሦስቱም ፈገግ ብለዋል።

"ጤና ይስጥልን፣ አባባ ወልዴ!" አለ ፀጉሩ የሸሸው።

ስሜን! ሻዩን አስቀመጥኩ።

"ማን ልበል?"

"ተፈራ እባላለሁ። የአገርዎ ልጆች ነን።"

ምሬ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ግን ባለጌ እንዳልባል፣ "እሺ፣ ተቀመጡ" አልኩ። ሰው ሲቀመጥ እጁ ይታያል።

"አይ፣ አባባ። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።"

ይህን ቃል አውቀዋለሁ። በኛ አገር ሌሊት ተነሥቶ፣ ዘንግ ይዞ፣ ነጭ ጢሙን አብጥሮ የመጣ ሰው የሚናገረው ነው። ባለ ጉትቻ አፍ ሲወጣ ግን ከየት ሰረቁት ነው ያልኩት።

"ስሜን ማን ነገራችሁ?"

እርስ በርስ ተያዩ። "እሱን አይጠይቁን፣ አባባ።"

"እዚህ ማረፌንስ?"

"እሱንም አይጠይቁን" አለ ባለ መነጽሩ፤ ላብ አጥምቆታል።

ተፈራ ጉሮሮውን ጠረገና ሸምድዶት የመጣውን ነገር ጀመረ፦ "እርስዎ የተከበሩ ሰው ነዎት። አያትዎም መሪጌታ አድማሱ በዋግ ምድር—"

አያቴን! ከሶፋው ዘልዬ ተነሣሁ።

"ሌባ! ያዙልኝ! ሌባ!"

ኦስማን የሾርባ ጭልፋ ይዞ ከወጥ ቤት ወጣ። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ምላጩን እንደያዘ መጣ፤ ደንበኛው ደግሞ ፊቱ ላይ አረፋው እንዳለ ተከተለው። ሦስቱ ሰዎች ደረጃውን እንዴት እንደወረዱት እነሱም የሚያውቁት አይመስለኝም። ባለ ጉትቻው እየሮጠ "አባባ፣ ለመልካም ነው! ለመልካም ነው!" ይላል። ኦስማን ግንባሬን ሳመኝ። ሻይ በነፃ ሆነ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ትርንጎ መጣች። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች።

"አባዬ፣ ሰው አልመጣም?" አለች፤ ወለሉን እያየች።

"መጥቶ ነበር።"

"እና… ምን አሏቸው?"

"አባረርኳቸው።"

"ማለት… ለሌላ ቀን ቀጠሯቸው?"

"የምን ቀጠሮ! በምላጭ ነው ያባረርናቸው!"

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች።

"አባዬ፣ ሽማግሌዎቹ ነበሩ እኮ!"

"የትኛው ነው ሽማግሌ? ባለ ጉትቻው?"

"እዚህ አገር ሽማግሌ ከየት ይመጣል? ሁላችንም ልጆች ነን! ስንት ሰው አይተን ትንሽ ራሰ በራ የሆነውን መረጥን!"

"ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም?"

"ለአባት ይነገራል እንዴ?"

እውነቷን ነው፤ አይነገርም። ስልኳ ጠራ። የደወለው ጠያቂዋ ነው፤ ብሩክ የሚባል የጎንደር ልጅ ኖሯል። እሱ ሲናገር እሷ "እሺ… እሺ…" ብቻ ትላለች። ሽማግሌዎቹ በምላጭ ወደተባረሩበት ደጅ ላይመለሱ ምለዋል። ሌላ ሽማግሌ የሚሆን የለም። ብሩክም "አባትሽ ካልፈለጉኝ በግድ አላገባሽም" ብሏል። እኔ የምመለሰው ሰኞ ነው። ትርንጎ አላለቀሰችም፤ የቀሚሷን እጥፋት ደጋግማ ታስተካክል ነበር። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ

የሴት ልጅ አባት ሽማግሌ አይልክም። የበደለ ሰው ግን ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል። ይህ ለኢስታንቡልም ይሠራል ብዬ በጠዋት ድንጋይ ፍለጋ ወጣሁ።

ድንጋይ ፈልጎ ማጣት ምን እንደሆነ ዋግ ያደገ ሰው አይገባውም። እኛ ጋ ድንጋይ እግርህን ፈልጎ ይመጣል። እዚያ ድንጋዩ ሁሉ ተጠርቦ፣ ተነጥፎ፣ በሲሚንቶ ተይዟል። በመናፈሻው ውስጥ አበባ ዙሪያ የተደረደሩ አገኘሁና አንዱን አንስቼ ትከሻዬን ስለካ ጥበቃው ፊሽካውን ነፋ። ሮጥኩ። ሌባ ስፈራ የከረምኩት ሰውዬ የድንጋይ ሌባ ሆኜ በኮንጎ ሮጥኩ።

ሆቴል ደርሼ ለስልኩ ነገርኩት። ስልኩ ለኦስማን ነገረው። ኦስማን ስልኩን አራግፎ ደግሞ ሰማው። ከዚያ ሚስቱን ጠራ። የነሱ ሴቶች አትክልት በኮምጣጤ በርሜል ሲዘፈዝፉ እንዳይንሳፈፍ በላዩ ላይ ክብ ድንጋይ ይጭኑበታል። የኦስማን ሚስት እጅጌዋን ሰብስባ ድንጋዩን ከበርሜሉ አወጣች፣ በሽርጧ ጠረገችና ሰጠችኝ። ስልኩ "ይመልሱት፤ የእናቴ ነው" አለ።

ከትርንጎ ጋር በባቡር ሄድን። ድንጋዩ ጭኔ ላይ ነው። አንድ ጎረምሳ ተነሥቶ ሊያስቀምጠኝ ነበር፤ ሸተተውና ራቀ። ተፈራ የሚኖርበት ፎቅ ስንደርስ ልጄ ደረጃው ሥር ቀረች፤ ምንም የማታውቅ ናትና። እኔ ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ አድርጌ ወጣሁ።

በሩን ባለ ጉትቻው ከፈተ። "ወይኔ!" ብሎ ወደ ውስጥ ሮጠ። ሦስቱ አብረው ነው የሚኖሩት። ተፈራ በቢጃማ መጣ።

"አጥፍቻለሁ" አልኩ ወለሉን እያየሁ። "ስለ እግዚአብሔር ይቅር በሉኝ።"

ባለ መነጽሩ አሸተተና፣ "ኮምጣጤ የሚሸተው ምንድን ነው?" አለ።

"ድንጋዩ ነው።"

"አሁን ምን ይደረጋል?" አለ ተፈራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እኔ ምን አውቃለሁ? በወሬ ነው የሰማሁት። ማነው የሚያወርደው?"

"ቆይ፣ እማዬን ልደውልላት" አለ ተፈራ።

እኔ ጎንበስ ብዬ፣ እነሱ ደብረ ታቦር ደወሉ። እናትየው በምስል ወጡ መሰለኝ፣ ድምፃቸው ቤቱን ሞላው።

"ሰውየው ድንጋይ ተሸክሞ ነው?"

"አዎ፣ እማዬ። ላውርድለት?"

"ቆይ! ማነው እሱ?"

"የልጅቷ አባት።"

"አንተ ሞኝ! ጉዳይህን ጠይቅ እንጂ! አሁን ጠይቅ፣ ሳታወርድለት!"

ከማር ነጋዴ፣ ከፍየል ደላላ፣ ከቀራጭ ጋር ስከራከር ነው የሸበትኩት፤ እንደዚያች ሴት ያለ ነጋዴ አልገጠመኝም።

ሦስቱ ተሰለፉ። ተፈራ ቢጃማውን ወደ ላይ ሳብ አደረገ። "አባባ፣ ልጃችንን ብሩክን ልጅዎ ያድርጉልን ብለን መጥተናል።"

"የመጣሁትስ እኔ ነኝ" አልኩ።

"እሱም እውነት ነው" አለ ባለ ጉትቻው።

"እንግዲህ ወጉ… ከእናቷ ልምከር፣ ከዘመድ ልምከር… ቀጠሮ እሰጣችኋለሁ።"

"ይስጠን!" አሉ እናትየው ከስልኩ። "እስከ ቀጠሮው ይሸከመው!"

ድንጋዩ ወደ ግራ ተንሸራተተ። ኮምጣጤው በአንገቴ ወረደ። በዋግ የታወቀ አባት ልጁን ሲሰጥ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያመላልሳል።

"ሠርጉ ሰቆጣ ከሆነ ሰጥቻለሁ!" አልኩ።

"ይሁን!" አሉ እናትየው፤ ልጆቹን ማንም አልጠየቃቸውም።

ድንጋዩን ሦስቱም ተረባርበው አወረዱልኝ። መጀመሪያ እልል ያሉት እናትየው በስልክ ናቸው፤ ከዚያ ከደረጃው ሥር ምንም የማታውቀው ልጄ አቀለጠችው። ሽማግሌዎቹም፣ ጉዳያቸው ተሰምቷልና፣ ተቀመጡ። አንድ የኛው ዲያቆን የባረከው ዶሮ ነበራቸው፤ ከሰቆጣ ከወጣሁ የመጀመሪያዬ ሥጋ ነው። ባለ ጉትቻው እጄን አስታጠበኝ፤ ማጅራቴን በቅባት አሸልኝ። ደግ ልጅ ነው። ጉትቻውንም ለመድኩት።

ወደ ቤት

ሰኞ ተሳፈርኩ። ኦስማን ድንጋዩን ሲረከብ እንደ ሕፃን አቀፈው፤ ለመንገዴም ሾርባ በላስቲክ ዕቃ ሞላልኝ።

ቤቴ ስደርስ ሚስቴ የምሥራቹን ሰምታ ቆይታኛለች። እግሬን አጥባ፣ አጉርሳኝ፣ ከአጠገቤ ቁጭ አለች።

"በል ንገረኝ። ልጁ ምን ይመስላል?"

"የቱ ልጅ?"

"ብሩክ ነዋ! የሰጠኸው!"

ያነሣሁትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ። እኔ ፍየል ስገዛ አፉን ከፍቼ ጥርሱን ሳላይ፣ ወገቡን ሳልዳብስ ገንዘብ አላወጣም። ማር ስገዛ እንጨት እስከ ገንቦው ወለል ሰድጄ ነው የምቀምሰው። ኢስታንቡል የሻዩን ብርጭቆ ሳይቀር ገልብጬ አይቻለሁ።

"ጥሩ ልጅ ነው" አልኩ።

"ቁመቱስ? መልኩስ?"

"ድንጋይ ተሸክሜ ነበር" አልኳት፤ "ቀና ብዬ አላየሁም።"